አክስቴ ያለዘበቻቸው ደብዳቤዎች

አክስቴን ጸሐፊ በነበረችበት የፊዚክስ ክፍል ማንም ሰው በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። «እትዬ ግልባጭ» ነበር የሚሏት። ከእጇ የሚወጣ ወረቀት፣ የዕረፍት መጠየቂያም ይሁን የአምፖል ማዘዣ፣ አንድ ግልባጭ ሳታስቀርለት አይወጣም ነበር። ስሙ በቀልድ ተጀምሮ እንደ ማዕረግ ጸናባት። እሷም አልጠላችውም፤ ስልክ ስታነሣ ራሷ «ግልባጭ ነኝ፣ ማን ልበል?» ትል ነበር።

ባሏ ከሞተ በኋላ እናቴ «ለብቻሽ ከግድግዳ ጋር ስታወሪ ልትኖሪ ነው?» ብላ ሻንጣዋን አስጭና ወደ እኛ ቤት አመጣቻት። እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት አክስቴ ከሥራ መልስ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ለእናቴ ስታወራ ነው። የጎደለውን ካደግሁ በኋላ ራሷን እየጠየቅሁ ሞላሁት።

ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ከባድ የጽሕፈት መኪና፣ ሦስተኛው መሳቢያው በእርግጫ ካልሆነ የማይከፈት የብረት ካቢኔት። መስኮቱ የሚያየው ሜዳ ላይ አራት ረጃጅም ምሰሶዎች ቆመው በመካከላቸው ሽቦ ተዘርግቷል። የክፍሉ ሥራ ያ ሽቦ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር በሽቦው የሬዲዮ ሞገድ ወደ ላይ ይልካሉ። ሞገዱ ከላይኛው አየር ነጥሮ ሲመለስ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት መሣሪያው በሚንከባለል ወረቀት ላይ ይሥላል። ምን እንደሚሠሩ ለሚጠይቃቸው ሰው «የሰማዩን ጣሪያ ቁመት እየለካን ነው» ይሉታል፤ «ጣሪያው አንድ ቦታ አይረጋም፤ እንደ ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል።»

ፕሮፌሰሩ አፋቸው እንጂ ሆዳቸው ክፉ አልነበረም። የአክስቴ ባል የታመመ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በገዛ መኪናቸው ሆስፒታል ያደረሱት እሳቸው ናቸው። በሥራ ጉዳይ ግን እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው የሚውሉ ሰው ነበሩ። ሲናገሩ የሚሰማቸው ሰው ፊት እንዳለው ትዝ አይላቸውም።

ታዲያ አንድ ቀን በሌላ አገር የሚኖሩ አንድ የፊዚክስ ዶክተር ይኸንኑ የሰማይ ጣሪያ እንደሚለኩ ፕሮፌሰሩ በመጽሔት አነበቡ። የእኛና የዚያ አገር መንግሥታት በዚያን ዘመን ዓይንና ናጫ ነበሩ። ስልክ አያገናኝም፣ ቪዛ የለም። ደብዳቤ ብቻ በሦስተኛ አገር በኩል ዞሮ፣ በሦስት ሳምንት፣ ይደርሳል። ፕሮፌሰሩ ለሰውዬው በእጃቸው ረቂቅ ጻፉና አክስቴ ጠረጴዛ ላይ ጣሉት። ሁለቱም አገሮች የማይናገሩት፣ የተማረ ሁሉ ግን የሚያነበው ቋንቋ አለ፤ ወደዚያ የምትመልሰው እሷ ነበረች። ፕሮፌሰሩ ቋንቋውን ያነቡታል፤ ለመጻፍ ግን ትዕግሥቱ የላቸውም።

ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ጽሑፍህን አነበብኩት። ሁለተኛው ስሌት ስሕተት ነው። ሦስተኛውም። የተቀረው ስለሚረባ አብረን እንሥራ።»

«ፕሮፌሰር፣ እንዲሁ እንዳለ ልጻፈው?» አለቻቸው።

«ታዲያ እንዴት ልትጽፊው ነው? ሐሰት አለው?»

«ሐሰትስ የለውም።»

«እንግዲያው ጻፊው።»

አክስቴ ወረቀቱን የጽሕፈት መኪናው ውስጥ አስገባች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጽሑፍዎን ከልብ በሆነ ደስታ አነበብሁት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስሌት እኔ ዘንድ ሌላ ውጤት ስለሰጡኝ፣ አብረን ብንመለከታቸው ትልቅ ነገር እናገኛለን ብዬ አምናለሁ።» ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሶቻቸውን ዳበሱ፤ አጡት፤ ፈረሙ።

ያን ዕለት ለእናቴ ስትነግራት እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰውዬው ቢያውቁስ?»

«ቢያውቁ ያባርሩኛላ።»

«ታዲያ አንቺ ምን ነካሽ?»

«እኔንማ ምንም አልነካኝም። ስድብ በሦስት ሳምንት ተጉዞ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አሰብኩት። ሰው ፊት ለፊት ቢሳደብ ወዲያው ይስቃል፣ ትከሻ ይመታል፣ ይረሳል። ወረቀት ግን ትከሻ አይመታም።»

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። አንድ ሕግ ነበራት፤ ቁጥር አትነካም፣ ጥያቄ አታስቀርም፣ ፕሮፌሰሩ ያላሰቡትን ሐሳብ አትጨምርም። የምታወጣው እሾሁን ብቻ ነው። የእጅ ረቂቁንም አትጥለውም፤ ከግልባጩ ጀርባ በስፒል አያይዛ ፋይል ውስጥ ታስገባዋለች። «ተደብቄ የሠራሁት ሥራ የለም፤ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ጠፋ እንጂ» ትል ነበር።

በዚህ ዓይነት አራት ዓመት ሄደ። በሁለቱም አገር ያሉት መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲለኩ ተስማሙ፤ ወረቀቶቻቸውንም ይለዋወጡ ጀመር። ጭቅጭቁ የመጣው ያኔ ነው። የሰማዩ ጣሪያ አንዳንድ ቀን በድንገት ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ይኼ እጥፋት በሁለቱም አገር ወረቀት ላይ ይታያል፤ የእነሱ ግን ሁልጊዜ ከእኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘገያል። ፕሮፌሰሩ የዚያኛው ጣቢያ ሰዓት ተበላሽቷል አሉ። ዶክተሩ ደግሞ የተበላሸው የእናንተ ነው አሉ።

በዚህ መሀል አክስቴን ትርፍ አንጀት ጣላት። ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ከነማገገሚያው ሦስት ሳምንት ከሥራ ቀረች። በእሷ ቦታ ከመዝገብ ቤት አንድ ወጣት ጸሐፊ ተመደበች፤ ጎበዝ፣ የተባለችውን ነጥብ ሳታዛባ የምትጽፍ።

አክስቴ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ሦስተኛውን መሳቢያ በእርግጫ መክፈት ነበር። የቀረችባቸውን ሳምንታት ግልባጭ አወጣች። አነበበችው። ፕሮፌሰሩ ያሉት ቃል በቃል ተጽፏል፦ «ሰዓታችሁ ዕንቁላል ለመቀቀል ካልሆነ ለፊዚክስ አይረባም። ሰዓቱን አስተካክል፣ ካልቻልህ ሰዓት ማንበብ የሚችል ሰው ቅጠር።»

«ደብዳቤው ወጥቷል?» አለች ወጣቷን።

«ከወጣ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ምነው፣ የፊደል ግድፈት አለው?»

«የለውም የኔ ልጅ» አለቻት። «ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው።»

አንድ ወር ከምናምን እንቅልፍ አጣች። እናቴ እንደነገረችኝ ሾርባ እንኳ አልወርድ ብሏት ነበር። አራት ዓመት የተገነባ ነገር በዕንቁላል ሊፈርስ ነው። ለፕሮፌሰሩ እንዳትነግራቸው፣ ምን ብላ ትንገራቸው?

በመጨረሻ ፖስታው መጣ። ስትቀደው ሁለት ወረቀት አለበት። አንዱ ከዶክተሩ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ስለ ሰዓቱ ብቻ የሚያወራ። ሁለተኛው ታጥፎ የተቀመጠ ትንሽ ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ «ለክቡር ፕሮፌሰር ጸሐፊ» ተብሎ ተጽፎበታል። እንዲህ ይላል፦

«እመቤቴ፣ ደፍሬ ስጽፍልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የዶክተሩ ጸሐፊ ነኝ። እስከ ዛሬ የመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ የአንድ ሰው ትንፋሽ ነበራቸው፤ ይኼኛው የሌላ ሰው ነው። ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ደብዳቤው እኔ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ዶክተሩ አላዩትም። የሁለቱ ጣቢያዎች ሰዓት አብሮ እንዲፈተሽ ተጠይቋል ብዬ ግን ነግሬያቸዋለሁ። ምሕረቱን ይላክልዎ።»

አክስቴ ወረቀቱን እንደያዘች ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ አለቀሰች። በማታውቀው አገር አንዲት ሴት እንደ እህት ጠብቃታለች። አንጀቷ ራሰ። ቀጥሎ በሄደው ደብዳቤ ውስጥ የራሷን ትንሽ ወረቀት አጥፋ ከተተች፦ «ድኛለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎስ ሰውዬ እንዴት ናቸው?»

መልሱ ሲመጣ ነው የዶክተሩን አመል ያወቀችው። ዶክተሩ አይሳደቡም፤ ያኮርፋሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ «ከዚህ ሰው ጋር መሥራቴን አቁሜያለሁ» ብለው ጽፈዋል። የወዲያኛዋ ጸሐፊ ሦስቱንም መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ በሳምንቱ «ያን ደብዳቤ ልላከው ወይስ እንደገና ያዩታል?» ትላቸዋለች። «እስኪ ቆይ» ይላሉ። ከዚያ ይረሱታል። አክስቴ ይህን ስታነብ ብቻዋን ሳቀች፤ ፕሮፌሰሩ ከውስጥ «ምን ተገኘ?» እስኪሉ ድረስ።

«የሰዓቱ ነገር ነው፤ ለመፈተሽ ተስማምተናል ብለዋል» አለቻቸው። እሱም እውነት ነበር።

ፈተሹ። ሁለቱም ጣቢያዎች በሬዲዮ የሚተላለፈውን አንድ የሰዓት ምልክት እየሰሙ አንድ ወር ሙሉ ሰዓታቸውን አመሳከሩ። ሁለቱም ሰዓቶች ልክ ነበሩ። ግማሽ ሰዓቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ፕሮፌሰሩ ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ዘርግተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ እየተራመዱ ሲያዩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው አክስቴን ጠሯት።

«እዪው። ሰዓት አልተሳሳተም። እጥፋቱ ራሱ ነው የሚሄደው። እኛ ላይ ያልፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እነሱ ጋ ይደርሳል። ሞገድ ነው። ለብቻዬ ብሆን መቶ ዓመት ባየው አላገኘውም ነበር።» ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ለሰውዬው ጻፊለት። ልክ እኩል የሁለታችን ግኝት ነው በይው። ስሙን ከስሜ አስቀድሚ፤ ዕድሜው ይበልጠኛል።»

አክስቴ ያን ደብዳቤ ስትጽፍ የምታወጣው እሾህ አልነበረም። ቃል በቃል መለሰችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷ ራሷ በቅጡ ሳታስተውለው ነው የሆነው። ፕሮፌሰሩ ከወዲያ የሚመጣላቸው ደብዳቤ ሁሉ አክብሮት የተሞላ ነው። ሰው ሲያከብርህ መሳደብ ይከብዳል። ረቂቆቻቸው ከዓመት ዓመት እየለሰለሱ ሄዱ። መጀመሪያ «አንተ» ቀርቶ «እርስዎ» መጣ። ቀጥሎ «ምናልባት» የሚል ቃል ብቅ አለ፤ ፕሮፌሰሩ በሕይወታቸው ጽፈውት የማያውቁት ቃል። አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ አክስቴ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ ረቂቁን አንብባ፣ እስክሪብቶዋን መልሳ አስቀመጠች። የሚነካ ነገር አጣችበት።

ሁለቱ ጸሐፊዎችም ትንንሽ ወረቀቶቻቸውን አላቋረጡም። የልጅ ሠርግ፣ የጉልበት ሕመም፣ የካርቦን ወረቀት መጥፋት፣ ሁሉ ይጻፋል። ኋላም በኮምፒዩተር መጻጻፍ ሲመጣ እነሱ በፖስታ ቀጠሉ።

አሥራ ዘጠነኛው ዓመት ላይ፣ መንግሥታቱም ታርቀው ድንበሩ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ ዜናው መጣ። አንድ ትልቅ የሳይንስ ማኅበር ለሁለቱ ሊቃውንት፣ አገሮቻቸው ተኮራርፈው ሳለ አብረው ለሠሩት ምርምር፣ አንድ ሽልማት በጋራ ሰጣቸው። ሥነ ሥርዓቱ የሚካሄደው ደብዳቤዎቹ ሲዞሩባት በኖረችው ሦስተኛ አገር ነው።

ፕሮፌሰሩ ከክፍላቸው ወጥተው አክስቴ ጠረጴዛ ላይ ተደገፉ። «ሁለት ሰው ይዘህ ና ተብያለሁ። አንዷ ባለቤቴ ናት። ሌላዋ አንቺ ነሽ። ፓስፖርት አለሽ?»

«ፓስፖርት ከየት አምጥቼ?»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ፎቶ ተነሺ።»

ሄደች። በሆቴሉ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት አጠር ያለች፣ ሽበቷን ወደ ኋላ የያዘች ሴትዮ ከሶፋ ተነሣችና ወደ እሷ መጣች። አክስቴ ረጅም ቀጭን ሴት ነበር በልቧ የሣለችው። ችግሩ ሁለቱም ያንን ቋንቋ የሚያውቁት በጽሑፍ ብቻ መሆኑ ነው፤ ተናግረውት አያውቁም። ስለዚህ እንደ ደብዳቤ አወሩ።

«በሰላም መድረስዎን በማየቴ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ እወዳለሁ» አለች የወዲያኛዋ።

«ስለ መልካም አቀባበልዎ አስቀድሜ አመሰግናለሁ» አለች አክስቴ።

ከዚያ ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። የፕሮፌሰሩ ባለቤት እነዚህ ሁለት ሴቶች ምን ነካቸው ብለው ቆመው አዩአቸው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ሁለቱ ሊቃውንት መድረክ ላይ ተጨባበጡ፤ በሕይወታቸው ከተያዩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ፕሮፌሰሩ ንግግራቸውን በአጭሩ አደረጉ፦ «አገሮቻችን አይነጋገሩም ነበር። እኚህ ሰው ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፉ ቃል አልጻፉልኝም። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበርኩም፤ ከእሳቸው ተማርኩ።»

የወዲያኛዋ ጸሐፊ የአክስቴን እጅ ጨበጥ አደረገች።

ቀጥሎ ዶክተሩ ተነሡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ብዙ ደብዳቤ ጽፈውልኛል» አሉ። «አንዱን ግን ሁልጊዜ ይዤው እዞራለሁ።» አክስቴ ቀልቧ ተገፈፈ። የሚነበበው የእሷ ቃል ሊሆን ነው፤ በሺህ ሰው ፊት ፕሮፌሰሩ ባልጻፉት ነገር ሊመሰገኑ ነው። ዶክተሩ ማንበብ ጀመሩ፦

«ባለቤትዎ ማረፋቸውን ሰማሁ። የምለው ነገር የለኝም፤ ማጽናናት አላውቅበትም። የዚህን ወር ልኬት የእርስዎንም ጭምር እኔ ቆጥሬ እልክልዎታለሁ። የሚቀጥለውንም። ሥራው እንዳያሳስብዎት። እስኪችሉ ድረስ እኔ አለሁ።»

አክስቴ ቀና አለች። ይኼን ደብዳቤ ታውቀዋለች። በስድስተኛው ዓመት የተጻፈ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ገና እሳት በነበሩበት ጊዜ። ረቂቁ ጠረጴዛዋ ላይ ሲወድቅ ለማለዘብ ተዘጋጅታ አንሥታው አንድ ቃል አልነካችም። ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። ፕሮፌሰሩም ያሉትን ፈጽመው ሦስት ወር የሁለት ሰው ሥራ ሠርተዋል።

ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ግን አንድ ነገር መጣ። ማኅበሩ የሁለቱን ሊቃውንት ደብዳቤዎች ሁሉ ለታሪክ ማኖር ፈለገ። ፕሮፌሰሩ «ግልባጮቹን አምጪልኝ፣ ልያቸው» አሏት። አክስቴ ፋይሎቹን ፊቷ ዘርግታ ተቀመጠች። ስፒሎቹን መንቀል፣ ረቂቆቹን ወደ ቅርጫት መጣል፣ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። አልነቀለችም። አራቱን ፋይሎች ተሸክማ ገባችና ጠረጴዛቸው ላይ አኖረቻቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ከእያንዳንዱ ጀርባ የእርስዎ ረቂቅ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁለት ቀን በራቸው ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ጠሯት። ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

«ዕንቁላሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ደረሰው?»

«ጸሐፊያቸው ያዘችው። አላዩትም።»

መስኮቱን አሻግረው ምሰሶዎቹን ሲያዩ ቆዩ። «እንግዲያው ሰውዬው ይኼን ሁሉ ዓመት የወደደው አንቺን ነው ማለት ነው።»

«አይደለም ፕሮፌሰር። ዶክተሩ መድረክ ላይ ያነበቡትን ያውጡትና ጀርባውን ይመልከቱት። አንድ ቃል አልተነካም።»

ገለጡት። ረቂቁን ከግልባጩ ጋር መስመር በመስመር፣ በጣታቸው እየተከተሉ አስተያዩት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ። አክስቴ እንደምትለው በዚያ ቢሮ ውስጥ በሠላሳ አንድ ዓመት የሰማችው ትልቁ ንግግር እሱ ነው።

ፋይሎቹ ከነረቂቆቻቸው ተላኩ። ዶክተሩ የዕንቁላሉን ነገር ሲያነቡ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ ተባለ፤ በምላሹም ሦስቱን የኩርፊያ ደብዳቤዎች በስማቸው ፈርመው ለማኅበሩ አስረከቡ። ሁለቱ ክፍሎች ዛሬ በየዓመቱ አንዳንድ ተማሪ ይለዋወጣሉ፤ ፕሮፌሰሩና ዶክተሩ ከሽልማቱ በኋላ ያቋቋሙት ነው።

አክስቴ ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመት ሆናት። የወዲያኛዋ ጸሐፊ አምና መጥታ ቤታችን ሦስት ሳምንት ከረመች። ከእናቴ ጋር አንድ ቃል እንኳ አይግባቡም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። እናቴ ማመስገን ስትጀምር አታቆምምና፣ አንድ ቀን አክስቴን «አንቺስ ለየትኛው ነው ተመስገን የምትዪው?» አለቻት።

«ሥራዬን የሚያነብልኝ ሰው ስለነበረኝ» አለች። «እሷ እዚያ ማዶ ሆና ታነበኝ ነበር። ይኼ ለስንት ሰው ይገጥመዋል?»

የዘንድሮዋ ተማሪ ቅዳሜ ትመጣለች። ማደሪያዋ እስኪዘጋጅ የመጀመሪያውን ሳምንት እኛ ዘንድ ነው የምታርፈው። ብርድ አትችልም ተብሎ ተጽፏልና፣ አክስቴ ትናንት ወፍራም ብርድ ልብስ አስገዝታኝ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታው ዋለች።